የሕዋስ ልብስ ስኳር ነው

ከተፈጥሮ ሳይንስ ሠልጣኞች የጥናት ቡድን

ስኳር ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሰን ሻይ ነው፤ ካልሆነም የስኳር በሽታ። ዛሬ በግድግዳ ጋዜጣችን ልናብራራው የተነሣነው ስኳር ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ይህኛው ምላስ ላይ አይጣፍጥም፤ ተቃጥሎ ኃይል እንዲሰጥም አልተቀመጠም። ሥራው ምልክት መሆን ነው። የሰውነታችን ሕዋሳት ውጫዊ ገጽ በስኳር የተሸፈነ ነው። ስኳሩም ዝም ብሎ የተነሰነሰ ሳይሆን፣ በሕዋሱ ገጽ ላይ ከቆሙት ፕሮቲኖችና ቅባቶች ጋር በኬሚካላዊ ትስስር የተያያዘ ነው። የመከላከያ ሕዋሶቻችን ወዳጅን ከባዕድ ሲለዩ ከሚዳስሷቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ልብስ ነው። የአንጎል ሕዋሳትም በፅንስ ጊዜ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ በዚሁ ልብስ ይረዳሉ። ኢንፍሉዌንዛና ማጅራት ገትርም በዚሁ በኩል ያጠቁናል።

በመማሪያ መጻሕፍት የሕዋስ ሽፋን ሲሣል ሁለት ረድፍ ቅባት ይደረደርና በመካከሉ ፕሮቲኖች ጣል ጣል ይደረጋሉ። ስኳሩ አልፎ አልፎ እንደ ጢም ብቅ ብሎ ከታየ ታየ፤ ካልታየም ማንም አይጠይቅም። እውነተኛው ሕዋስ ግን እንዲህ ራቁቱን የቆመ አይደለም። ጉዳዩን እንድናነሣ ያደረገን በካዛንቺስ አካባቢ ለማስተማር ልምምድ የወጡ ጓደኞቻችን ከአንድ ተማሪ ያመጡት ጥያቄ ነው። ልጁ «የደምህ ዓይነት ኤ ነው ሲባል ኤ ምኑ ነው? ደሙ ውስጥ ምን አለ?» አለ። ጎበዝ ጥያቄ ነው። መልሱም አንድ ቃል ነው፤ ስኳር።

ኤ ምኑ ነው?

ከካዛንቺስ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ስታዲየም ወረድ ሲሉ የደም ባንኩ ይገኛል። የደም ባንክ አገልግሎት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተላልፏል። ደም የሰጠ ሰው የደሙ ዓይነት ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ ተብሎ ይመዘገባል። ይህንን ልዩነት በመጀመሪያ ያሳወቀው የቪየናው ሐኪም ካርል ላንድሽታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። እርሱ በጊዜው ያየው የአንዱ ሰው ቀይ የደም ሕዋስ ከሌላው ሰው የደም ውሃ ጋር ሲገናኝ አንዳንዴ እየተጣበቀ እንደሚጓጉል ነበር። ምክንያቱ ስኳር መሆኑ የታወቀው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ካሉት ፕሮቲኖችና ቅባቶች እንደ ዶቃ የተሰካ የስኳር ሰንሰለት ይንጠለጠላል። የሰንሰለቱ ግንድ በሁላችንም ዘንድ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ጫፉ ላይ በምትጨመረው አንዲት ዶቃ ነው። ኤ የሆነ ሰው ኤን-አሴቲል ጋላክቶሳሚን የተባለውን ስኳር ይጨምራል። ቢ የሆነው ጋላክቶስ ይጨምራል። ኤቢ ሁለቱንም። ኦ የሆነው ምንም አይጨምርም፤ ግንዱን እንዳለ ይተወዋል።

ታዲያ ከእናትና ከአባት የምንወርሰው ስኳሩን ራሱን አይደለም፤ ዶቃውን የሚሰካው ኢንዛይም የሚሠራበትን ትእዛዝ ነው። ኢንዛይሙ 354 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን፣ የኤውን ከቢው የሚለዩት አራቱ ብቻ ናቸው። የኦ ዘረ መል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከኤው ላይ አንዲት የዘር ፊደል ስትጎድል ነው። ያቺ ፊደል በመጉደሏ ከእርሷ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ይዛባና ኢንዛይሙ ሥራ ፈት ይሆናል። አንዲት ፊደል! ነገ ፊደል ለምናስቆጥር ሰዎች ይህ ነገር ትንሽ ደስ ይላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ኤ የሆነ ሰው የቢ ደም ከቶ ሳይነካው ቢን የሚቃወም ነገር ከየት አመጣ?» የሚል ነው። መልሱ ያለው አንጀት ውስጥ ነው። ሕፃን ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንጀቱን የሚሞሉት ባክቴሪያዎች ከኤና ከቢ ጋር የሚመሳሰሉ ስኳሮች ለብሰው ይመጣሉ። የሕፃኑ የመከላከያ ሕዋሳት በራሱ ገላ ላይ የሌለውን ስኳር ሲያገኙ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ፣ ይሠሩበታል። በራሱ ገላ ላይ ያለውን ግን ዝም ይላሉ። ይህችን «ዝም ማለት» አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ ወደ አንጎል ስንደርስ እንፈልጋታለን።

ስኳሩ የሚሰካው የት ነው?

መሰካት የሚጀምረው ገና ፕሮቲኑ እየተሠራ ሳለ በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ውስጥ ነው። ተከርክሞና ጫፉ አምሮ የሚያልቀው በጎልጂ አካል ውስጥ ነው። ጎልጂ የሰው ስም ነው። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ይህንን አካል እ.ኤ.አ. በ1898 ያስታወቀው በነርቭ ሕዋስ ውስጥ አይቶ ነው። (በነገራችን ላይ ካዛንቺስ የሚለውም ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በወረራው ዘመን «ኢንቺስ» የተባለው የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች የቤት ድርጅት ካሠራቸው ቤቶች፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው።)

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ዘረ መል የፕሮቲኑን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ፊደል በፊደል ያዛል። ስኳሩን ግን እንዲህ አያዘውም። ስኳሩ የሚወሰነው በዚያ ሕዋስ ውስጥ የትኞቹ ኢንዛይሞች እንደሚገኙ፣ ምን ያህል ጥሬ ዕቃ እንዳለና ፕሮቲኑ በጎልጂ ውስጥ እንዴት እንዳለፈ ነው። ስለዚህ አንድ ፕሮቲን በሁለት ቦታ ሁለት ልብስ ሊለብስ ይችላል። ለምሳሌ ያህል ታይ-1 የተባለው ፕሮቲን በአይጥ አንጎልም፣ ነጭ የደም ሕዋሳት በሚበስሉበት በታይመስ ዕጢም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የፕሮቲኑ ሰንሰለት በሁለቱም ቦታ አንድ ሲሆን፣ የለበሰው ስኳር ግን የአንጎሉ ሌላ፣ የታይመሱ ሌላ ነው። ጨርቁ አንድ፣ ጥልፉ ሁለት ነው እንበል።

ይህንን ከስኳር በሽታ ምርመራ ጋር እንዳናምታታው። በደም ውስጥ ግሉኮስ ሲበዛ ያለ ኢንዛይም እገዛ በራሱ ጊዜ ሄሞግሎቢን ላይ ይለጠፋል። ሐኪሞች ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት የስኳር መጠን ለማወቅ የሚለኩት ያንን ነው። እርሱ እንደ አቧራ የሚያርፍ ነው፤ የእኛ ርእስ የሆነው ግን በኢንዛይም ተለክቶና ተቆጥሮ የሚሰፋ ነው።

ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ስኳር

ከእነዚህ ስኳሮች መካከል ለአንጎልም ለመከላከያ ሕዋሳትም ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገን ሲያሊክ አሲድ የተባለው ነው። ስሙ ምራቅ ከሚል የግሪክ ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የተገኘው ከምራቅ ዕጢ በመሆኑ ነው። ግሉኮስ ስድስት ካርቦን ሲኖረው ይህ ዘጠኝ አለው፤ በተጨማሪም ኔጌቲቭ ቻርጅ ይሸከማል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ሕዋሱ የሚጠጋ ማንኛውም ነገር በመጀመሪያ የሚነካው እርሱን ነው።

በካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ብዙው ቤት ከመፍረሱ በፊት እንግዳ ሰው ቤት የሚያገኘው ከቁጥሩ ይልቅ በምልክቱ ነበር፤ «ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ አረንጓዴው በር» እየተባለ። በሰውነት ውስጥም እንዲሁ ነው። ደም ለማርጋት የሚያገለግሉት ፕሌትሌቶች ሲያረጁ ሲያሊክ አሲዳቸው እየረገፈ ይሄዳል። ከሥሩ ያለው ጋላክቶስ ሲገለጥ ጉበት በዚያ ምልክት ይዞ ከዝውውር ያስወጣቸዋል። ጫፉ ላይ ሲያሊክ አሲድ ካለ «ገና ነኝ» ማለት ነው፤ ከሌለ «አብቅቻለሁ» ማለት ነው።

ሌላም ነገር እንጨምር። ቺምፓንዚና ላም ሁለት ዓይነት ሲያሊክ አሲድ አላቸው፤ የሰው ልጅ ግን አንደኛውን ለመሥራት የሚያስችለውን ዘረ መል አጥቷል። ሊቃውንት ይህ የሆነው ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው ብለው ይገምታሉ። በብሔራዊ ሙዚየም የምናውቃት ድንቅነሽ ደግሞ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። ግምቱ ልክ ከሆነ የእርሷ ሕዋስ ልብስ ከእኛ ይልቅ የቺምፓንዚን ሳይመስል አይቀርም። ሥጋ ስንበላም የላሟ ሲያሊክ አሲድ በጥቂቱ በገላችን ውስጥ ገብቶ እንደሚቀመጥ፣ ሰውነታችንም ፀረ እንግዳ አካል እንደሚሠራበት ታውቋል። ቁርጥ ወዳዶችን ለማስፈራራት አይደለም፤ ልብሱ ምን ያህል በጥንቃቄ እንደሚነበብ ለማሳየት ነው።

የኅዳር በሽታ መቀስ

አዲስ አበቤ ሁሉ «ኅዳር ሲታጠን» የሚለውን ያውቃል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማጨሱ ልማድ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ያ በሽታ በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ1918 የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን፣ በከተማችን እጅግ ብዙ ሰው ፈጅቷል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው የዳኑ ናቸው። ጭሱ ቫይረሱን አልገደለውም፤ ይሁን እንጂ ያንን ጊዜ ከሕዝብ ልብ እንዳይጠፋ አድርጎታል።

ቫይረሱ ኤች-1-ኤን-1 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከሟቾች ሳንባ ከተገኘው ርዝራዥ መልሰው ሠርተውታል። ኤች የተባለው ፕሮቲኑ በመተንፈሻ አካል ሕዋሳት ላይ ያለውን ሲያሊክ አሲድ የሚጨብጥ እጅ ነው። ኤን የተባለው ደግሞ መቀስ ነው። አዲሶቹ ቫይረሶች ከሕዋሱ ሲወጡ በዚያው ስኳር ተይዘው እንዳይቀሩ ሲያሊክ አሲዱን እየቆረጠ ይለቃቸዋል። ኦሴልታሚቪር የተባለው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት የሚሠራው መቀሱን በማዶልዶም ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ መዓት የገባው የገዛ ልብሳችንን ጨብጦ ነው ማለት ነው።

ማጅራት ገትርና የአንጎል ስኳር

የኅዳር በሽታ ቫይረስ ልብሳችንን ይጨብጣል። አሁን ደግሞ ልብሳችንን ለብሶ የሚመጣ ተዋሲ እንመልከት።

ማጅራት ገትር ስሙ ራሱ ምርመራ ነው፤ ማጅራትን ይገትራል። ልጅ ድንገት ትኩሳት ይዞት፣ ራሱን ክፉኛ እያመመው፣ እያስመለሰው፣ አገጩን ወደ ደረቱ ማጠፍ ካቃተው አስተማሪ ደወል እስኪደወል መጠበቅ የለበትም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በሽታው በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ከሚድኑትም መካከል ጆሯቸው የሚደነቁር አሉ። አገራችን ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ በሚዘልቀው «የማጅራት ገትር መቀነት» ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 የተነሡት ወረርሽኞች እያንዳንዳቸው ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይዘዋል። እንዲህ ያለው ወረርሽኝ የሚነሣው በደረቁ ወራት፣ አቧራና ነፋስ ሲበዛ ነው።

የወረርሽኙ ዋና አምጪ ማኒንጎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ከስኳር የተሠራ ካባ ይለብሳል። በካባው ዓይነት ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ደብልዩ፣ ኤክስ፣ ዋይ እየተባለ ይመደባል። (ክፍል ውስጥ ስናስተምር ልብ እንበል፤ እነዚህ ፊደሎች ከደም ዓይነት ፊደሎች ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም። ተማሪ ማምታታቱ አይቀርም።) በእኛ መቀነት ውስጥ ትልልቆቹን ወረርሽኞች ሲያስነሣ የኖረው ኤ ነው። የኤ ካባ በገላችን ላይ ከሌለ ስኳር የተሠራ ስለሆነ የመከላከያ ሕዋሶቻችን ያውቁታል።

የቢ ካባ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቢ የሚለብሰው ሲያሊክ አሲድ በሲያሊክ አሲድ ላይ እየተቀጠለ የተሠራ ረጅም ሰንሰለት፣ ፖሊሲያሊክ አሲድ ነው። ይህ ሰንሰለት በአያያዙም ጭምር በፅንስ አንጎል ውስጥ ካለው ሰንሰለት ጋር አንድ ነው። «ይመሳሰላል» አላልንም፤ አንድ ነው።

የአንጎሉ ሰንሰለት ምን ይሠራል? ኤንካም የተባለ ፕሮቲን አለ፤ የነርቭ ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያያይዝ ሙጫ ነው። በፅንስ ጊዜ ግን ሕዋሳቱ ከተወለዱበት ቦታ ተነሥተው ወደ ሥራ ቦታቸው መጓዝ አለባቸው። ሙጫው ካጠበቀባቸው አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ በኤንካም ላይ ፖሊሲያሊክ አሲድ ይሰካበታል፤ በአሥር የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጥ ዶቃ በአንድ ሰንሰለት። ዶቃዎቹ ሁሉ ኔጌቲቭ ስለሆኑ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ውሃም ይሰበስባሉ። በዚህም ሕዋሳቱ እንደ ታጠበ ሳሙና እየተንሸራተቱ ያልፋሉ። ሰንሰለቱን የሚሠሩትን ሁለቱን ኢንዛይሞች ያጡ አይጦች በሙከራ ሲታዩ የነርቭ መንገዳቸው ተዛብቶ አብዛኞቹ ሳያድጉ ሞተዋል። በአዋቂ አንጎል ውስጥ ሰንሰለቱ በብዛት ይጠፋል፤ ሆኖም እንደ ሂፖካምፐስ ባሉ፣ አዲስ ነገር ለመያዝ በሚያገለግሉ ክፍሎች ይቀራል። ዛሬ የተማርነው ነገር እንዲያዝ አንጎል አሁንም አንዳንድ ቦታ ሙጫውን እያላላ ይሠራል ማለት ነው።

እንግዲህ የመከላከያ ሕዋሳት የቢን ካባ ሲዳስሱ የሚያገኙት የገዛ ሰውነታቸውን ምልክት ነው። ዝም ይላሉ። ባክቴሪያው በዚያ ዝምታ ውስጥ ይባዛል።

ተታለሉ ወይስ አወቁ?

በጥናት ቡድናችን ውስጥ እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን «የመከላከያ ሕዋሳት ተታለሉ» አልን። ሌሎቻችን «የለም፣ ባይታለሉ ይብስ ነበር» አልን። ተከራክረን ተከራክረን በመጨረሻ ያሸነፈው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱንም እንገልጻለን።

ካምፒሎባክተር የተባለ ባክቴሪያ አለ፤ ከዶሮና ካልበሰለ ምግብ የሚመጣ፣ ተቅማጥ የሚያስይዝ። አንዳንዱ ዓይነት በገጹ ላይ የሚለብሰው ስኳር በነርቮቻችን ላይ ካለው ጋንግሊዮሲድ ከተባለው ስኳር ለበስ ቅባት ጋር ይመሳሰላል። አብዛኛው ሰው ተቅማጡ ያልፍለታል። በጥቂት ሰዎች ዘንድ ግን የመከላከያ ሕዋሳት ዝም አይሉም፤ በዚያ ስኳር ላይ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራሉ። ፀረ እንግዳ አካሉ ባክቴሪያውን ከጨረሰ በኋላ ወደ ነርቭ ይዞራል። ከተቅማጡ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሰውየው እግር ይዝላል፤ ድካሙ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዳንዴም እስከ መተንፈሻ ጡንቻ ይደርሳል። ይህ ጊላን ባሬ የሚባለው በሽታ ነው። ዝም ማለት ሲቀር የሚሆነውን እርሱ ያሳያል።

አንጎል ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ይልቅ በሲያሊክ አሲድ የበለፀገ ነው። በውስጡም የራሱ የመከላከያ ሕዋሳት አሉት፤ ማይክሮግሊያ ይባላሉ። ቆሻሻ የሚያነሡ፣ የሞተ ሕዋስ የሚውጡ፣ ሲቆጡ ግን የሚያቃጥሉ ናቸው። በገጻቸው ላይ ሲግሌክ የተባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሥራቸው ሲያሊክ አሲድን መዳሰስ ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሲያሊክ አሲድ ሲነካቸው ወደ ውስጥ የሚልኩት መልእክት «ተረጋጋ» የሚል ነው። ሲያሊክ አሲዱ የተገፈፈ የነርቭ ሕዋስ ግን ለመዋጥ ይጋለጣል።

መረጋጋትም ሲበዛ ጉዳት አለው። ሲዲ-33 የተባለው ሲግሌክ ዘረ መል በአንዳንድ ሰው ላይ የሚኖረው ልዩነት፣ በእርጅና የማስታወስ ችሎታን ከሚያጠፋው ከአልዛይመር በሽታ ጋር እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተሙ ጥናቶች ተገልጿል። ሲዲ-33 ሲበዛ ማይክሮግሊያ በአንጎል ውስጥ የሚጠራቀመውን አሚሎይድ የተባለ ቆሻሻ መጥረጉን ያሳንሳሉ። የካንሰር ሕዋሳትም ብዙ ጊዜ ሲያሊክ አሲድ ደርበው ይለብሳሉ፤ ነጭ የደም ሕዋስ ሲመጣ «ተረጋጋ» ይሉታል። ስለዚህ እኛ «ተታለለ» የሚለውን ቃል አንወደውም። ሰውነት አንጎሉን ላለመንካት የገባው ውል ነው፤ ቢ የተባለው ማኒንጎኮከስ በዚያ ውል ይነግድበታል።

ክትባቱ እንዴት አለፈው?

የኤን ካባ ብቻ አውጥቶ መከተብ ቀድሞም ይሠራበት ነበር። ችግሩ ሕፃናት ላይ ነው። ስኳር ብቻውን ሲሆን ቲ ሕዋሳት አይረዱትም፤ ያለ እነርሱ እርዳታ ደግሞ ሰውነት ለረጅም ጊዜ አያስታውስም። ከሁለት ዓመት በታች ያሉትንማ እምብዛም አይጠቅማቸውም። መፍትሔው ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር ማጋባት ሆነ። ማንአፍሪቫክ የተባለው ክትባት የኤን ስኳር ከመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ፕሮቲን ጋር ያጋባ ነው። ለአፍሪካ ተብሎ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በሕንድ አገር ተመርቶ የአንዱ መጠን ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች እንዲሆን ተደርጓል። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 በቡርኪና ፋሶ ተጀመረ፤ በኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በሦስት ዙር ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉት ተሰጠ። ከእኛ መካከል ያኔ ሕፃን የነበርን ክንዳችንን የሰጠነው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በመቀነቱ ውስጥ የኤ ማኒንጎኮከስ ሕመምተኛ አልተመዘገበም። የቀሩትን ሲ፣ ደብልዩ፣ ዋይና ኤክስ ጨምሮ አምስቱን የሚከላከል ክትባት እ.ኤ.አ. በ2024 በናይጄሪያ መሰጠት ጀምሯል።

ከአምስቱ ውስጥ ቢ የለም። ምክንያቱን አንባቢ አሁን ያውቀዋል። በቢ ካባ መከተብ ወይ ምንም አይሠራም፣ ወይ ደግሞ ቢሠራ አንጎልን ያስፈራል። ስለዚህ የቢ ክትባት የሚሠሩት ካባውን ትተው ከሥሩ ብቅ የሚሉትን ፕሮቲኖች ያዙ። ኩባ በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚህ መንገድ ቀድማ ሄዳለች፤ በአውሮፓም እ.ኤ.አ. በ2013 ሌላ ክትባት ተፈቅዷል።

ለክፍል የሚሆን መርጃ መሣሪያ

ይህንን ሁሉ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ በቃል ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል። በመርጃ መሣሪያ ማዕከላችን የሞከርነው ዘዴ ብዙ ወጪ የለውም። ከጭቃ ብርቱካን የሚያህል ድቡልቡል ይሠራና ሳይደርቅ የጥርስ እንጨቶች ይሰኩበታል። በእያንዳንዱ እንጨት ላይ ሦስት አራት ነጭ ዶቃ፣ ጫፉ ላይ አንድ ቀይ ዶቃ ይደረጋል። ቀዩ ሲያሊክ አሲድ ነው። ጭቃው እንዳይፈርስ ትንሽ ጭድ ቢገባበት ይሻላል። ዶቃ ከጠፋ በቀለም የተነከረ ሽምብራም ይሆናል፤ ግን ሲነካ ልዩነቱ እንዲታወቅ ቀዩ ከነጩ ተለቅ ማለት አለበት።

አንድ ተማሪ ዓይኑ በመሀረብ ይሸፈንና ነጭ የደም ሕዋስ ይሁን፤ እየዳሰሰ ይፍረድ። ጫፉ ላይ ትልቁን ዶቃ ካገኘ «የእኛ» ብሎ ያልፋል። ጫፉ ከረገፈ «አርጅቷል» ይበል። ነጭ ዶቃ ብቻ የለበሰ እንግዳ ድቡልቡል ሲመጣ ይያዘው። ይህ እስኪለመድ ሁለት ሦስት ልጅ ይሞክር። ከዚያ አነስ ያለ፣ ዙሪያውን በክር በተሰኩ ቀይ ዶቃዎች የተጠመጠመ ድቡልቡል ስጡት፤ ቢ ማኒንጎኮከስ መሆኑን ሌሎቹ ተማሪዎች ያዩታል፣ እርሱ ግን አያይም። «የእኛ» ብሎ ሲያልፈው ክፍሉ ይስቃል። ሳቁ ሲበርድ ከቀይ ዶቃዎቹ መካከል አንድ ባቄላ ብቅ እንዲል አድርጋችሁ ስኩና እንደገና ስጡት። ባቄላው ፕሮቲኑ ነው።